19 መኪና፣ 19 ገዢ፦ የጣሊያን መኪና አካል ሠሪዎች ዛሬ ምን ይሸጣሉ?

በ1960 የለንደን የመኪና ትርኢት ላይ አስተን ማርቲን ዲቢ4 ጂቲ ዛጋቶ የተባለች መኪና ይዞ ቀረበ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሻንሲውና ሞተሩ የእንግሊዞቹ ነው፤ የለበሰችው አሉሚኒየም ግን ሚላን ውስጥ ዛጋቶ በሚባል የመኪና አካል ሠሪ ቤት የተቀጠቀጠ። ሐሳቡ 25 መኪና መሥራት ነበር። ዋጋዋ ውድ፣ ውስጧ ለውድድር ሲባል የተራቆተ፣ በዚያ ላይ ፌራሪን የሚያህል ተፎካካሪ ነበረባትና ገበያ አጥታ 19 ላይ ቆመች። ከነዚያ 19 አንዷ በ2015 ኒው ዮርክ ላይ በጨረታ 14.3 ሚሊዮን ዶላር አወጣች።

አሁን ወደ 2019 እንምጣ። ዛጋቶ 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ያችኑ መኪና ደግሞ የመሥራት ውል ከአስተን ማርቲን ጋር ነበረው። ስንት? 19። አብራት የምትሸጥ ዘመናዊ መኪናም ተዘጋጀች፤ ዲቢኤስ ጂቲ ዛጋቶ፣ እሷም 19። በነጠላ መግዛት የለም። ጥንዱን የፈለገ ታክስ ሳይጨመር 6 ሚሊዮን ፓውንድ ይከፍላል። ይህን ሁሉ ከፍሎ ደግሞ ከጥንዱ አንዷ፣ የድሮዋ ግልባጭ፣ ታርጋ ለጥፋ መንገድ ላይ መውጣት አትችልም፤ የምትነዳው በመወዳደሪያ ሜዳ ብቻ ነው።

ፊተኞቹ 19 የሆኑት ገዢ ስለጠፋ ነው፤ ኋለኞቹ 19 የሆኑት ገዢ እንዲሻማ ነው። የጣሊያን አካል ሠሪዎች በ60 ዓመት ውስጥ የት ደርሰው እንደተመለሱ ለማየት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ስለ ሥራቸው ውበት ብዙ ተብሏል፣ ይገባቸዋልም። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ንግዱ ነው። እነዚህ ቤቶች ድሮ የሚሸጡት ላሜራ ነበር፤ ዛሬ በአመዛኙ የሚሸጡት ስምና ቁጥር ነው። ወደዚህ የገፋቸውም የባለሙያ እጅ መጥፋት ብቻ አይደለም። መኪና የሚሠራበት ዘዴ ተለወጠ፣ ሕግ መጣ፣ በመጨረሻም ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ሙያውን ወሰዱባቸው።

ነገሩ ከሻንሲ ይጀምራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አንድ ሀብታም አውሮፓዊ ውድ መኪና ሲገዛ ያለቀለት መኪና ላይረከብ ይችላል። ፋብሪካው ሻንሲውን ከነሞተሩ፣ ከነማርሹና ከነመሪው ይሰጠዋል። ገዢው ያንን ራቁቱን ሻንሲ ወደ መረጠው አካል ሠሪ፣ ጣሊያኖች ካሮዜሪያ ወደሚሉት ቤት፣ ይልከዋል። በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አካል ተበይዶለት የሚወጣውን የእኛን ቅጥቅጥ አውቶቡስ የሚያውቅ አንባቢ አሠራሩ አዲስ አይሆንበትም። ልዩነቱ እዚያ ጭቅጭቁ ስንት ሰው ይጭናል በሚለው ላይ ሳይሆን ስንት ኪሎ ይቀነስለት በሚለው ላይ መሆኑ ነው።

ክብደት ቅነሳውን እንደ እምነት የያዙት ሁለት የሚላን ቤቶች ናቸው። ኡጎ ዛጋቶ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል፤ በ1919 የራሱን ቤት ሲከፍት ይዞት የመጣው ያንን ነው፤ ቀጭን አሉሚኒየም፣ ቀላል አጽም፣ ነፋስ የማይገታው ቅርጽ። የዛጋቶ መለያ የሆነው ባለ ሁለት ጉብታ ጣሪያም ከዚሁ ሐሳብ የወጣ ነው። ጣሪያውን በሙሉ ከፍ ከማድረግ በነጂውና በተሳፋሪው ራስ በላይ ብቻ ላሜራውን ማጎበጥ። ሰው ከነራስ ቁሩ ይገባል፣ መኪናዋ ግን ዝቅ እንዳለች ትቀራለች፤ የጎበጠ ላሜራም ከጠፍጣፋው ይልቅ ስለሚጠነክር ቀጭን ሆኖ ይችላል። ዛሬ ሰዉ እንደ ጌጥ የሚያየው ጉብታ ሲወለድ የሥራ መፍትሔ ነበር።

ሁለተኛው ቱሪንግ ነው፤ በ1926 ፌሊቼ ቢያንኪ አንደርሎኒና ጋኤታኖ ፖንዞኒ ያቋቋሙት። በ1936 ሱፐርለጄራ፣ ማለትም እጅግ ቀላል፣ የተባለውን አሠራር በፓተንት አስመዘገቡ። ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች የመኪናዋን ቅርጽ ተከትለው ይበየዳሉ፤ በላያቸው አሉሚኒየም ላሜራ ይለብሳል። ላሜራው ሸክም የለበትም፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ብቻ ይያዛል። አሉሚኒየም ከብረት ጋር ተነካክቶ እርጥበት ካገኘው ስለሚበላም በመካከላቸው ጨርቅ ይገባል። ላሜራውን የሚያወጣው ሰው ዝርጉን አሉሚኒየም አሸዋ በተሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ አስቀምጦ በእንጨት መዶሻ ይመታዋል። ሲጎብጥ በሁለት የብረት መንኮራኩሮች መካከል ወደፊትና ወደኋላ እያመላለሰ የመዶሻውን ጠባሳ ያለሰልሰዋል። ከዚያ ከእንጨት በተሠራው የመኪናዋ ቅርጽ ላይ ደፍቶ ያየዋል። ብርሃን የሚያስገባበትን ቦታ ምልክት አድርጎ ይመለሳል፤ ይመታል፣ ያለሰልሳል፣ እንደገና ይደፋዋል። አንድ ፓራፋንጎ እስኪገጥም ይህ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ለዚህ ነው የዚያን ዘመን መኪና የሚያድሱ ሰዎች የአንዷን ኮፈን ለሌላዋ እንገጥማለን ሲሉ የማይሆንላቸው፤ የአንዷ መኪና ግራና ቀኝ እንኳን አንዱ ከሌላው በትክክል እኩል አይደለም።

ከዚህ አሠራር የወጡትን መኪኖች ስም መጥራት ይበቃል፤ ፌራሪ 166 ኤምኤም ባርኬታ፣ ማሴራቲ 3500 ጂቲ፣ አስተን ማርቲን ዲቢ5፣ ላምቦርጊኒ 350 ጂቲ። ያም ሆኖ ቱሪንግ በ1966 በሩን ዘጋ።

ምን ነካው? ሻንሲው ከእጁ ወጣ። ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካዎች አካሉና ሻንሲው አንድ ወጥ የሆነበትን መኪና በብዛት መሥራት ጀመሩ፤ ፊያት በ1950 ባወጣት 1400 ወደዚሁ ገባ። በዚህ አሠራር ጣሪያውም ወለሉም በሩ የሚያርፍበት ምሶሶም አብረው ሸክም ይሸከማሉ። ከላይ ያለውን ገፍፎ ሌላ ማልበስ አጥንቱን እንደ መንቀል ነው። ለአካል ሠሪው ሁለት መንገድ ቀረለት፤ ወይ እንደ ፌራሪና አስተን ማርቲን ቱቦና ሻንሲ ያልተዉ ጥቂት ቤቶችን መጠጋት፣ ወይ ራሱ ትንሽ ፋብሪካ ሆኖ ትልልቆቹ በብዛት መሥራት የማያዋጣቸውን መኪና በኮንትራት መገጣጠም።

ብዙዎቹ ሁለተኛውን መረጡ፣ ለጊዜውም አበላቸው። ቱሪን ላይ ፒኒንፋሪናና ቤርቶኔ ለፊያትና ለአልፋ ሮሜዮ ጣሪያ የሌላቸውን መኪኖች በሺዎች እያወጡ ኖሩ። የዚህ ዘመን ጥግ በ1980ዎቹ መጨረሻ የታየው ነው። ካዲላክ አላንቴ የምትባለውን መኪና አካል ፒኒንፋሪና ቱሪን አጠገብ ይሠራል፤ አካሎቹ 56ቱ በአንድ ቦይንግ 747 ተጭነው አትላንቲክን ይሻገሩና ዲትሮይት ላይ ሞተር ይገጠምላቸዋል። አውሮፕላን የመገጣጠሚያ መስመር አካል የሆነበት መኪና ሌላ አላውቅም። ሒሳቡ እንደማያዋጣ ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ አላንቴም በ1993 ቆመች።

ኋላ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በአንድ መስመር ላይ የተለያየ ሞዴል ማውጣት ሲለምዱ የኮንትራቱ ሥራ ደረቀ። ጊያ ቀደም ብሎ ወደ ፎርድ ገብቶ ስሙ የውድ ፎርዶች ቅጥያ ሆኖ ቀርቷል። ላምቦርጊኒ ሚዩራ የወጣችበት ቤርቶኔ በ2014 ከሰረ። ጆርጄቶ ጁጃሮ የመሠረተውን ኢታልዲዛይን ፎልክስቫገን በ2010 ወሰደው። በ1930 የተቋቋመውንና ለ60 ዓመት ያህል ለፌራሪ የሣለውን ፒኒንፋሪና በ2015 የሕንዱ ማሂንድራ ገዛው። ፌራሪም የራሱን የዲዛይን ክፍል አደራጅቶ ነበርና በ2012 ከወጣችው ኤፍ12 ወዲህ በመደበኛ ምርቱ ላይ የፒኒንፋሪና እጅ እየጠፋ ሄደ።

እንግዲህ ዛሬ በአዲስ መልክ ተነሡ የሚባሉት ቤቶች የሚሠሩት ፍርስራሹ ላይ ቆመው ነው። ዘዴያቸውም በአብዛኛው አንድ ነው። ሻንሲ የሚሰጥ ፋብሪካ ስለሌለ ያለቀለት መኪና ይገዛሉ፣ ልብሱን ይገፍፋሉ፣ ሌላ ያለብሳሉ። በ2006 እንደገና የተከፈተው ቱሪንግ በ2012 ያሳያት ዲስኮ ቮላንቴ ጥሩ ምሳሌ ናት። ለጋሿ፣ ማለትም ልብሷ ተገፍፎ ሌላ የለበሰችው መኪና፣ አልፋ ሮሜዮ 8ሲ ኮምፔቲትሲዮኔ ነበረች፤ እሷ ራሷ 500 ብቻ የተሠራች፣ 450 የፈረስ ጉልበት ያላት ውድ መኪና። ደንበኛው መጀመሪያ 8ሲ ያቀርባል። ቱሪንግ የካርቦን ፋይበር ልብሷን አውልቆ በእጅ የወጣ አሉሚኒየምና አዲስ ካርቦን ያለብሳታል፤ ሥራው ለአንዷ ወደ 4,000 ሰዓት ይፈጃል። የተሠሩት 8 ባለ ጣሪያና 7 ጣሪያ የሌላቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ያልተነካው ነገር ነው። ሻንሲው፣ ሞተሩ፣ ፍሬኑ፣ ኤርባጉ፣ የፊት መስታወቱ የሚያርፍበት አጽም ባለበት ይቆያል። ምክንያቱ ቁጠባ አይመስለኝም፤ ወረቀት ነው። በአውሮፓ ኅብረት አዲስ መኪና ለመንገድ ከመብቃቱ በፊት የዓይነት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱ ደግሞ መኪና ከግድግዳ ጋር እያጋጩ መፈተንን ይጨምራል። 15 መኪና የሚሠራ ቤት ለፈተና የሚያጋጫቸውን ከየት ያመጣል? እርግጥ በዓመት ከ1,500 ለማይበልጡ መኪኖች ቀለል ያለ ሥርዓት አለ፤ ለነጠላ መኪና በተናጠል የሚሰጥ ፈቃድም አለ። አካል ሠሪዎቹ የሚያልፉት በእነዚህ ጠባብ በሮች ነው፤ ለጋሿ ያለፈችውን ፈተና እንደ ውርስ ይዘው። አሜሪካ ደግሞ ለገበያዋ ያልተፈቀደ መኪና 25 ዓመት ካልሞላው በተለመደው መንገድ አታስገባም፤ ስለዚህ ሀብታሙ አሜሪካዊ ደንበኛ የሚያቀርበው ለጋሽ ቀድሞ እዚያ የተሸጠ ቢሆን ይመረጣል። ድሮ አካል ሠሪው የሚጠይቀው “ምን ዓይነት ቅርጽ ትፈልጋለህ?” ብሎ ነበር፤ ዛሬ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ የለጋሿ ወረቀት ነው።

በቅርቡ ደግሞ አዲስ እንቅፋት ተጨምሯል። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ የሚመዘገብ አዲስ መኪና ሁሉ በራሱ ጊዜ ፍሬን የሚይዝ ሥርዓት እንዲኖረው ግድ ነው። ይህ ሥርዓት የሚያየው ከፊት ባምፐር ወይም ከፍርግርጉ ኋላ በተደበቀ ራዳርና ከመስታወቱ ጀርባ ባለ ካሜራ ነው። ራዳሩ የሚቀመጥበት ከፍታና አንግል በፋብሪካ የተለካ ነው። አሁን አካል ሠሪው አፍንጫውን ዝቅ ላድርገው ቢል ራዳሩ ወዴት ይሂድ? ብረት የራዳር ሞገድ አያሳልፍም፤ ካርቦን ፋይበርም ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለሆነ ሞገዱን ይይዝበታል። የዛሬዎቹ አካል ሠሪዎች የሚወዷቸው ሁለት ማቴሪያሎች፣ አሉሚኒየምና ካርቦን፣ ሁለቱም ዓይኑን ያሳውሩታል። ቦታውን ቢያዛውሩት ደግሞ የመኪናዋ ኮምፒውተር እንደ አዲስ መስተካከል አለበት፤ የዚያ ቁልፍ ያለው በፋብሪካው እጅ ነው።

ቱሪንግ በ2024 ያወጣት ቬሎቼ12 ለዚህ የተሰጠች መልስ ትመስለኛለች። ለጋሿ ከ1996 ጀምሮ የተሠራችው ፌራሪ 550 ማራኔሎ ናት፤ ባለ 12 ሲሊንደር፣ ማርሿ በእጅ የሚቀየር፣ ራዳር የማታውቅ። 30 ብቻ ይሠራሉ ተብሏል፤ ስትወጣ ዋጋው ከ690,000 ዩሮ ይጀምር ነበር፣ ለጋሿን ሳይጨምር። ሰዉ ይህን ናፍቆት ይለዋል። ናፍቆቱ አለበት፤ ነገር ግን አሮጌ መኪና ታርጋዋን ይዛ የመጣች፣ ሴንሰር የሌላት፣ በመፍቻ የምትፈታ መሆኗ ለትንሽ አካል ሠሪ ቤት ከናፍቆት የበለጠ ዋጋ አለው።

ሦስተኛው ግፊት የመጣው ከፋብሪካዎቹ ነው። በ2006 አሜሪካዊው ሰብሳቢ ጂም ግሊከንሃውስ ፌራሪ ኤንዞውን ለፒኒንፋሪና ሰጥቶ በ1960ዎቹ የፌራሪ ውድድር መኪኖች አምሳል አዲስ አካል አሠራላት፤ ፒ4/5 ተባለች። ወጪው 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደነበር ሲነገር ነበር። በወቅቱ ፌራሪን የሚመሩት ሉካ ዲ ሞንቴዜሞሎ መኪናዋን አይተው የፌራሪን ስም እንድትይዝ ፈቀዱ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ2008፣ ፌራሪ ለአንድ ደንበኛ አንድ መኪና የሚሠራበትን የራሱን ልዩ ፕሮጀክት ኤስፒ1 በተባለች መኪና ጀመረ። ያንን ያህል ገንዘብ ይዞ በር የሚያንኳኳ ደንበኛ ካለ ለምን ጎረቤት ጋ ይሂድ? ሮልስ ሮይስም ቤንትሊም ኋላ በዚያው መንገድ ገቡ፤ የቤንትሊዋ ባካላር 12 ብቻ ናት።

የፌራሪ ጠበቆችም አልተኙም። ማንሶሪ የተባለ የጀርመን ቤት 488 ጂቲቢን ኤፍኤክስኤክስ ኬ የተባለችውን ብርቅዬ ፌራሪ የሚያስመስል ዕቃ ሲሸጥ ፌራሪ ከሰሰው፤ ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ2021 ያልተመዘገበ ዲዛይን እንኳን የመኪና አንድ ክፍልን ለብቻው ሊጠብቅ እንደሚችል ወሰነ፤ ክፍሉ በግልጽ የሚታይና ተለይቶ የሚታወቅ ከሆነ። ማንሶሪ አካል ሠሪ አይደለም፣ ፍርዱም በቀጥታ ቱሪንግን ወይም ዛጋቶን አይነካም። ሆኖም በሌላ ሰው መኪና ላይ ለሚኖር ሙያ ማስጠንቀቂያነቱ አይጠፋም።

በዚህ ሁሉ መካከል ዛጋቶ የመረጠው መንገድ ከቱሪንግ ይለያል፤ ከፋብሪካዎቹ ጋር ተስማምቶ ሥዕልና ስም መስጠት። ከ2016 በኋላ የወጡት አስተን ማርቲን ቫንኲሽ ዛጋቶዎች በአራት ዓይነት አካል 325 ናቸው። የተሠሩትም ሚላን ሳይሆን ጌይደን፣ በአስተን ማርቲን ፋብሪካ። ያማሩ ናቸው፣ ባለ ሁለት ጉብታውም አለ። እውነቱን ለመናገር ግን አንድም የሚላን ላሜራ ቀጥቃጭ መዶሻ ያላረፈባትን መኪና እንደ ዲቢ4ዋ እህት አድርጎ ማየት ይቸግረኛል። ከእሷ ይልቅ የ2024ቷ ኤጂቲዜድ ትዊን ቴይል ለቀድሞው ሐሳብ ትቀርባለች። ለጋሿ ትንሿና ቀላሏ የፈረንሳይ አልፒን ኤ110 ናት፤ አዲሱ ካርቦን አካል ረጅም ጅራት አለው፣ ሲፈለግ ተነቅሎ መኪናዋ አጭር ትሆናለች። ቀላል ለጋሽ፣ በነፋስ የተመራ ቅርጽ። ስትወጣ ዋጋዋ 650,000 ዩሮ ነበር፤ መደበኛዋ አልፒን በዚያን ጊዜ ከ100,000 ዩሮ በታች ትገዛ ነበር፣ ሞተሩም ያው ባለ አራት ሲሊንደር ነው። ቁጥሯስ? 19።

የኤሌክትሪክ መኪና ይህን ሊገለብጠው ይችላል የሚሉ አሉ። ባትሪው ወለል ውስጥ፣ ሞተሮቹ ጎማ አጠገብ፣ ከላይ ያለው እንደፈለጉ ይቀየር፤ የድሮው ሻንሲ ተመለሰ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ያምራል። ፒኒንፋሪና የሚለውን ስም የያዘችው ባቲስታ በክሮሺያው ሪማክ ቴክኖሎጂ የተሠራች፣ 1,900 የፈረስ ጉልበት ያላት የኤሌክትሪክ መኪና መሆኗም እንደ ማስረጃ ይቀርባል። እኔ እጠራጠራለሁ። ባትሪው ከባድ ነው፣ ቀላልነትን ለሚያመልክ ሙያ ይህ ራሱ ሸክም ነው። ከዚያም በላይ የዛሬ መኪና የሚንቀሳቀሰው በሶፍትዌር ነው፤ ሶፍትዌሩን የሚከፍትና የሚዘጋው ፋብሪካው ነው። በ1938 ሻንሲ የገዛ ሰው የሚያስፈልገው መፍቻና መዶሻ ብቻ ነበር።

በተግባር እየሠራ ያለው ስምምነት ሌላ ነው፤ ፋብሪካው ፈቃዱን፣ አካል ሠሪው እጁን የሚያዋጡበት። አልፋ ሮሜዮ በ2023 አዲሷን 33 ስትራዳሌ ሲያሳይ አካል የሚሠራው ቱሪንግ ነበር። ፈቃዱን፣ ሞተሩንና ኃላፊነቱን አልፋ ይሸከማል፤ 33 መኪና በማምረቻ መስመር ማውጣት ስለማያዋጣው የእጅ ሥራውን ሚላን አጠገብ ላሉት ሰዎች ይተዋል። መኪናዋ ለሕዝብ ከመታየቷ በፊት 33ቱም ተሸጠው አልቀዋል። ስሟን የወረሰችው የ1967ቷ 33 ስትራዳሌ፣ ፍራንኮ ስካልዮኔ የሣላት፣ በዘመኗ በዓለም ውድ ከሚባሉት አንዷ ነበረች። 18 ሻንሲ ብቻ ነው የተሠራላት። ለእነሱ እንኳን በቂ ገዢ አልተገኘም፤ አልፋ ከተረፉት የተወሰኑትን ለቤርቶኔ፣ ለፒኒንፋሪናና ለኢታልዲዛይን ሰጣቸው፣ የፈለጋችሁትን አልብሷቸው ብሎ።